የኪስ አልኮል መለኪያ፦ የትኛው ይገዛል፣ ቁጥሩስ ምን ያህል ይታመናል?

ፍርዱን ከፊት እናስቀድም። የኪስ የትንፋሽ አልኮል መለኪያዎች ቅርጻቸውና ስክሪናቸው ምንም ያህል ቢለያይ፣ ከውስጥ ሲታዩ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ በሴሚኮንዳክተር ሴንሰር የሚሠሩና በፊውል ሴል ሴንሰር የሚሠሩ። የሚገዛው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው በስጦታ ቢመጣ እንኳ ለቁም ነገር አትጠቀሙበት። ጥሩው መሣሪያም ቢሆን የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «አሁን ደሜ ውስጥ በግምት ምን ያህል አልኮል አለ?» የሚለውን። «መንዳት እችላለሁ?» እና «ጉበቴ እንዴት ነው?» የሚሉት ከአቅሙ በላይ ናቸው። ብዙ ገዢ ግን ገንዘቡን የሚያወጣው የእነዚህን የሁለቱን መልስ ፈልጎ ነው።

መሣሪያው የሚለካው ምንድን ነው?

ኢታኖል (መጠጥ ውስጥ ያለው አልኮል) ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ ሰውነት ውስጥ ውሃ ባለበት ሁሉ ይደርሳል፣ ለመግባትም መፈጨት አያስፈልገውም። ከተጠጣው አንድ አምስተኛ ያህሉ በጨጓራ ግድግዳ፣ የቀረው በቀጭኑ አንጀት በኩል ወደ ደም ይገባል። ሆድ ባዶ ከሆነ ጨጓራ መጠጡን ቶሎ ወደ አንጀት ስለሚለቀው በደም ውስጥ ያለው መጠን በፍጥነት ይወጣል። ምግብ ካለ ጨጓራ ይዞት ይቆያል፤ ጫፍ ላይ የሚደርስበት ሰዓት ይዘገያል፣ ጫፉም ዝቅ ይላል። ብዙውን ጊዜ ጫፉ የሚታየው ከመጨረሻው ብርጭቆ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ በኋላ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ጨልጦ፣ ወዲያው ነፍቶ፣ ትንሽ ቁጥር አይቶ የሚነሳ ሰው ያየው ገና እየወጣ ያለ መጠን ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል።

ደም በሳንባ ሲያልፍ ከአልኮሉ ጥቂቱ ወደ አየር ከረጢቶቹ ይተናል። በደሙና በጥልቅ ሳንባው አየር መካከል ያለው ሚዛን ሙቀቱ እስካልተለወጠ ድረስ ብዙ አይናወጥም፤ የመሣሪያው መሠረትም ይኸው ነው። በሰፊው የሚሠራበት ስሌት 2100 ለ 1 ነው፤ በ2100 ሚሊ ሊትር ትንፋሽ ውስጥ ያለው አልኮል በ1 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው ተብሎ ይታሰባል። 2000ን ወይም 2300ን የሚጠቀሙ አገሮችም አሉ። እውነተኛው ሬሾ ግን ከሰው ሰው፣ በአንዱ ሰው ላይም ከሰዓት ሰዓት ይለያያል። መሣሪያው ደም አላየም፤ ትንፋሽ ለክቶ በተስማሙበት ቁጥር አባዝቷል። ከነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ የሚያሳይ ስክሪን ይህን አይለውጠውም።

ሁለቱ ሴንሰሮች

ሴሚኮንዳክተሩ ውስጡ የሚሞቅ የቲን ኦክሳይድ ቅንጣት አለው። አልኮል ሲነካው የኤሌክትሪክ መተላለፊያ ባሕርዩ ይለወጣል፤ ለውጡም ወደ ቁጥር ይተረጎማል። ጣጣው የነካው ነገር ምን እንደሆነ አለመለየቱ ነው። የሲጋራ ጭስ፣ የሽቶ ትነት፣ ለረጅም ሰዓት የጾመ ወይም ስኳሩ ከቁጥጥር የወጣ ሰው ትንፋሽ ውስጥ ያለው አሴቶን፣ ሁሉም ቁጥሩን ሊያነሱት ይችላሉ። የክፍሉ ሙቀትና እርጥበት ሲለወጥም ያነበበው አብሮ ይንሸራተታል። አንድ ሰው በአምስት ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ነፍቶ የተራራቀ ቁጥር ቢያገኝ የዚህ ሴንሰር የተለመደ ጠባይ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም።

ፊውል ሴሉ በአሲድ የራሰ ባለ ቀዳዳ ዲስክ ነው፤ በሁለቱም ፊቱ በፕላቲነም ተለብጧል። ሰውዬው ሲነፋ አንዲት ትንሽ ፓምፕ ሁልጊዜ እኩል የሆነ የአየር መጠን ትስባለች፤ «ቀጭ» የምትለው ድምፅ የእርሷ ናት። ኢታኖሉ በፕላቲነሙ ላይ ኤሌክትሮን እየለቀቀ ወደ አሲቲክ አሲድ ይለወጣል፤ በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ብዛት የአልኮሉን ብዛት ይናገራል። ጉበትም የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ ይኸው ነው። አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም ኢታኖልን ወደ አሴታልዲሃይድ ይለውጠዋል፤ አልዲሃይድ ዲሃይድሮጂኔዝ ደግሞ አሴታልዲሃይዱን ወደ አሲቴት። ኤሌክትሮኖቹን እዚያ የሚቀበለው ሽቦ ሳይሆን ኤንኤዲ የተባለ ሞለኪውል ነው። ልዩነቱ ሴሉ ሥራውን በሰከንዶች ሲጨርስ ጉበት ሌሊቱን ሙሉ የሚለፋ መሆኑ ነው።

ፊውል ሴል አሴቶንን አያነብም፤ ትልቁ ብልጫው ይህ ነው። ሌሎቹን አልኮሎች፣ ሜታኖልንና አይሶፕሮፓኖልን ግን ከኢታኖል አይለይም። ስኳርና ስታርች በጣም በቀነሰ አመጋገብ ላይ ያለ ሰው አካሉ ከአሴቶኑ ጥቂቱን ወደ አይሶፕሮፓኖል ሊለውጥ ስለሚችል፣ ምንም ሳይጠጣ አነስተኛ ቁጥር ሊያይ ይችላል። ብዙ የማያጋጥም ቢሆንም ሥራው ወይም የመንጃ ፈቃዱ በምርመራ ላይ ለተንጠለጠለ ሰው ማወቁ ይጠቅማል።

ሣጥኑ ላይ «ፊውል ሴል» ወይም «ኤሌክትሮኬሚካል» የሚል በግልጽ ካልተጻፈ ሴሚኮንዳክተር ነው ብላችሁ ተነሱ። «ዘመናዊ ሴንሰር» እና «የባለሙያ ደረጃ» የሚሉት ማስታወቂያ ናቸው። የሚፈለገው መግለጫ ደረጃን በስሙ የሚጠራ ነው፤ በአውሮፓ ለማንኛውም ተጠቃሚ ለሚሸጡ መለኪያዎች የወጣው ኢኤን 16280 ነው፣ ለባለሙያዎች ደግሞ ኢኤን 15964። የተሻሉት የኪስ ፊውል ሴሎች በ0.50 ግራም በሊትር ላይ ከ0.05 የማይበልጥ ስህተት ይኖረናል ይላሉ። ይህም አዲስ ሳለ፣ በትክክል ሲነፋ ነው።

አንድ ጊዜ ተነፍቶ የሚጣለው የመስታወት ቱቦ ሦስተኛ አማራጭ ነው። በብዛት የሚታወቀው ውስጡ ያለው ቢጫ የዳይክሮሜት ኬሚካል አልኮል ሲነካው ወደ አረንጓዴ የሚለወጥበት ነው፤ ሮበርት ቦርከንስታይን በ1954 የሠራው ታዋቂ መለኪያም በዚሁ ኬሚካል ነበር የሚሠራው። ከገደብ በላይና በታች ከማለት ያለፈ አይናገርም፣ ጊዜው ያለፈበት ቱቦ ይዋሻል፣ ኬሚካሉም መርዛማ ስለሆነ መሰበር የለበትም። ለመኪና ውስጥ መጠባበቂያ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አይደለም።

አነፋፉ

አብዛኛው የተሳሳተ ቁጥር የሚመጣው ከሴንሰሩ ሳይሆን ከአፍ ነው። ከጠጡ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ምራቅና ጥርስ መካከል የቀረው አልኮል በቀጥታ ወደ መሣሪያው ይገባል፤ ቁጥሩም ከደሙ እጅግ የራቀ ይሆናል። ስለዚህ ከመጨረሻው ጉንጭ በኋላ ቢያንስ 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ 20 ቢሆን ይሻላል። በዚህ መካከል ካገሳችሁ ወይም ካስመለሳችሁ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ከጨጓራ የወጣው ትነት አፍን መልሶ ያረክሰዋል። የአፍ መጉመጥመጫ፣ የአፍ መዓዛ ስፕሬይና አንዳንድ የሳል ሽሮፖችም አልኮል አላቸው። በውሃ መጉመጥመጥ ይረዳል፤ ጥበቃውን ግን አይተካም።

እጅን በአልኮል ሳኒታይዘር አሽቶ ወዲያው መሣሪያውን መያዝም ያው ነው፤ ትነቱ ይገባል። ካጨሱ ጥቂት ደቂቃ ይቆዩ፤ ጭስ ፊውል ሴልንም ቢሆን ያበላሻል።

ከዚያ በተለመደው አተነፋፈስ አየር ስቡ፣ መንፊያውን በከንፈር ግጥም አድርጉ፣ በእኩል ኃይል ከ4 እስከ 6 ሰከንድ ሳታቋርጡ ንፉ። የሚፈለገው መጨረሻ ላይ የሚወጣው የጥልቅ ሳንባ አየር ነው፤ መጀመሪያ የሚወጣው የአፍና የጉሮሮ አየር ስለሆነ አጭር አነፋፍ ቁጥሩን ያሳንሰዋል። አስቀድሞ ደጋግሞ በፍጥነት መተንፈስ ቁጥሩን ከ10 በመቶ በላይ ሊያወርደው፣ ለግማሽ ደቂቃ ትንፋሽ ይዞ መቆየት ደግሞ በዚያው ያህል ሊያወጣው ይችላል። ትኩሳት ያለበት ሰው ትንፋሹ ስለሚሞቅ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ከ3 ደቂቃ በኋላ ድገሙት፤ ሁለቱ ከተራራቁ ትልቁን ያዙ እንጂ አማካይ አትፈልጉ።

አሃዱን አንብቡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንዱ መሣሪያ በግራም በሊትር ደም፣ ሌላው በመቶኛ፣ ሦስተኛው በሚሊ ግራም በሊትር ትንፋሽ ያሳያል፤ አንዳንዱ ደግሞ በአንድ አዝራር ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። 0.50 ግራም በሊትር ደም፣ 0.05 በመቶ እና በ2100 ስሌት ወደ 0.24 ሚሊ ግራም በሊትር ትንፋሽ አንድ ናቸው። 0.24 አይቶ «ከ0.50 በታች ነኝ» ያለ ሰው ገደቡ ላይ ተቀምጦ ነው። ለመነሻ ያህል የዓለም ጤና ድርጅት ለአሽከርካሪዎች የሚመክረው ጣሪያ 0.50 ግራም በሊትር ነው፤ ለወጣትና ለአዲስ አሽከርካሪ 0.20። የየአገሩ ሕግ ግን የራሱ ነው።

መሣሪያው ዋጋውን የሚያወጣው ማግስቱን ነው

የአልኮል መለኪያ የሚገዛ ሰው ማታ ማታ ይጠቀምበታል፤ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ጠዋት ነው። ምክንያቱ ጉበት አልኮሉን የሚያቃጥልበት መንገድ ነው። ኢንዛይሞቹ በትንሽ አልኮል ስለሚሞሉ ብዙ ስለተጠጣ ብለው አይፈጥኑም፤ በሰዓት ይህን ያህል እያሉ በአንድ ፍጥነት ይሄዳሉ። የአብዛኛው ሰው ፍጥነት በሰዓት ወደ 0.15 ግራም በሊትር ነው፤ ቀርፋፋው 0.10፣ ዘወትር የሚጠጣው 0.20 እና ከዚያም በላይ። ከጠቅላላው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚህ መንገድ ያልቃል፤ በትንፋሽ፣ በሽንትና በላብ የሚወጣው ጥቂት ነው። ቡና ያነቃል፣ ቀዝቃዛ ሻወር ያስደነግጣል፣ ውሃ ጥማት ይቆርጣል፤ ከሦስቱ አንዱም ኢንዛይሙን አያፋጥነውም። «ከአልኮል የሚያጸዳ» እየተባለ የሚሸጠውን ኪኒን በዚሁ መለኪያ መመዘን ይቻላል፤ ቁጥሩ ከሰዓቱ ቀድሞ አይወርድም።

ስሌቱን በእጅ መሥራት ቀላል ነው። የመጠጡን መጠን በሚሊ ሊትር፣ በጥንካሬው መቶኛና በ0.789 ብታባዙት የአልኮሉ ክብደት በግራም ይወጣል። 5 በመቶ የሆነ 500 ሚሊ ሊትር ቢራ 19.7 ግራም አለው፤ ሁለቱ ወደ 39.5 ግራም። ይህን ለሰውነት ክብደትና ስዊድናዊው ኤሪክ ዊድማርክ ላወጣው ምጣኔ (ለወንድ 0.68፣ ለሴት 0.55 ገደማ) ማካፈል ነው። 70 ኪሎ የሆነ ወንድ 0.83 ግራም በሊትር ይደርሳል፣ 60 ኪሎ የሆነች ሴት ደግሞ 1.2። ሴቶች በአማካይ በሰውነታቸው ያለው ውሃ ስለሚያንስ ያው አልኮል በትንሽ ውሃ ይበጠበጣል። እርሱን ለማጽዳት አምስት ሰዓት ተኩል፣ እርሷን ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ጠርሙስ ቢራ ነው የተጠጣው!

እኩለ ሌሊት ላይ 1.5 ግራም በሊትር የነበረ ሰው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሻወር ወስዶ፣ ሸሚዙን ቀይሮ፣ ጤነኛ ነኝ ብሎ ቁልፉን ሲያነሳ ደሙ ውስጥ ገና 0.45 አለ። ዜሮ የሚሆነው ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ይህን በስሜት ማወቅ አይቻልም፤ መሣሪያው የሚያሳየው ይህን ነው፣ ለዚህ ብቻ እንኳ መግዛቱ አያስቆጭም።

አብሮት የሚመጣው የስልክ አፕ «በዚህ ሰዓት ዜሮ ትሆናለህ» የሚለው ያንኑ 0.15 ወደፊት እየቆጠረ ነው። ጨጓራ ውስጥ ገና ያልገባ መጠጥ እንዳለ አያውቅም፣ የጉበታችሁንም ፍጥነት አያውቅም። ጓደኞች ቁጥር የሚወዳደሩበትን ሰሌዳ የጨመሩ አፖችም አሉ፤ ከዚህ የባሰ ሐሳብ አልታየም።

ቁጥሩ የማይናገረው

የተመሳሳይ ቁጥር ሁለት ፊት አለ። መጠኑ እየወጣ ሳለ 0.60 ላይ ያለ ሰው ሞቅታው ይሰማዋል፤ እየወረደ ሳለ በዚያው 0.60 ላይ «ለቆኛል» ይላል። አንጎል በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስለሚለማመድ ስሜቱ ይቀልላል፤ የፍርድና የምላሽ ፍጥነት ግን አብሮ አይመለስም። ሁለት ነገርን በአንዴ የመከታተል ችሎታ 0.20 አካባቢ ላይ እንኳ መላላት ይጀምራል። በማግስቱ ቁጥሩ ዜሮ ሆኖም በሀንጎቨርና በተሰባበረ እንቅልፍ የፈዘዘ ሰው ጥሩ አሽከርካሪ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ተቃራኒው ነው፤ 1.5 ነፍቶ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው። ይህ «መቻል» የአንጎል መላመድ ነው። ጉበቱ ግን አልቻለም፤ ሲፒ2ኢ1 የተባለውን ተጨማሪ ኢንዛይም አብዝቶ እየሠራ፣ በዚያው ሴሎችን የሚጎዱ ኬሚካሎችን እያመረተ ነው። ይኸው ኢንዛይም ፓራሲታሞልን ወደ መርዛማ ውጤት ስለሚለውጥ፣ አዘውታሪ ጠጪ ለራስ ምታት ብሎ ደራርቦ ሲውጠው ጉበቱን ለከባድ አደጋ ያጋልጣል። በየቀኑ አብዝተው ከሚጠጡት በአብዛኛው ላይ ጉበት ውስጥ ስብ ይከማቻል፤ ይህ ደረጃ ሲያቆሙ በጥቂት ሳምንት ሊመለስ ይችላል፣ ጠባሳው ከጠና በኋላ ግን አስቸጋሪ ነው። መሣሪያው ከዚህ አንዱንም አያይም።

አሴታልዲሃይድንም አይለካም። ፊት የሚያቀላው፣ ልብ የሚያስመታውና ዘረመልን የሚጎዳው እርሱ ነው፤ ወደ አሲቴት የሚለውጠው ኢንዛይም በውርስ በደከመባቸው ሰዎች (በምሥራቅ እስያ በጣም የተለመደ ነው) ይከማቻል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የአልኮል መጠጦችን ካንሰር አምጪ ብሎ በአንደኛው ምድብ ያስገባቸው በ1988 ነው፤ የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የምግብ ቱቦ፣ የጉበት፣ የትልቁ አንጀትና የሴቶች ጡት ካንሰር ከእነርሱ ጋር ተያይዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ከሕግ ገደብ በታች ያለ ቁጥር ስለ መንገድ ሕግ ነው የሚናገረው።

ሁለት ሁኔታ ላይ ደግሞ መሣሪያውን አስቀምጡት። አንደኛ፣ ራሱን የሳተ ወይም ሊነቃ ያልቻለ ሰው ከሆነ ቁጥር አያስፈልግም፤ በጎኑ አስተኝቶ፣ አተነፋፈሱን እየተከታተሉ አስቸኳይ ሕክምና መጥራት ነው። ጨጓራው ውስጥ ያለው ገና ስለሚገባ ሁኔታው ሊብስ ይችላል። ሁለተኛ፣ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሲቀርብ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበውና የሚረበሽ ከሆነ፣ «ዜሮ ላድርሰው» ብሎ ብቻውን በድንገት ማቆም የለበትም። የሚጥል በሽታ መሰል መንቀጥቀጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት፣ ቅዠትና ግራ መጋባት የሚያመጣው ከባዱ ደረጃ ደግሞ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ሊመጣ ይችላል፤ ሊገድልም ይችላል። በሐኪም ክትትል ግን የሚታከም ነው።

አያያዝና ብልሽት

ፊውል ሴል በዕድሜና በመድረቅ ይደክማል፤ ሲደክምም ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ወደ ታች ነው፣ ማለትም የሚያታልለው በሚያስደስት አቅጣጫ ነው። ካሊብሬሽን (የመሣሪያውን ንባብ ማስተካከል) በየ6 ወይም በየ12 ወሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሥራው የሚሠራው መጠኑ በታወቀ የአልኮል ጋዝ ወይም 34 ዲግሪ ላይ በሞቀ የአልኮልና ውሃ ድብልቅ ትነት ነው። ቤት ውስጥ በአፍ መጉመጥመጫ ወይም በጠርሙስ አፍ «መሞከር» ካሊብሬሽን አይደለም፤ ሴሉን ከአቅሙ በላይ አጥለቅልቆ ለብዙ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው ያበላሸዋል። ከነፉ በኋላ ወደ ዜሮ ለመመለስ ከቀድሞው ብዙ የሚዘገይ ሴል እያለቀ ነው።

ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ሙቀቱ ሴሉን ያደርቀዋል። ከብርድ ሲገባ ደግሞ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ይጠበቅ፤ ውስጡ የሚጤዝ እርጥበት አልኮሉን ይይዘዋል። መንፊያው በለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፤ በአልኮል ግን አይጠረግም። ባትሪው ሲደክም ፓምፗ ሙሉ መጠን ላትስብ ትችላለች።

ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁ፤ ካሊብሬሽኑ የት ይሠራል፣ ወይስ ሴንሰሩ ራሱ ተነቅሎ በአዲስ ይተካል? የሚተካው ዓይነት መሣሪያውን ልኮ ከመጠበቅ ያድናል። ሻጩ «ካሊብሬሽን አያስፈልገውም» ካላችሁ ሌላ ሱቅ ሞክሩ።